ማር የነካ አውራ ጣት

አንዱ ዓይኔ እንዴት እንደጠፋ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ፈንጣጣ ነው የሚል አለ። ጅራፍ ነው የሚል አለ። በጉብልነቱ በሴት ተጣልቶ ነው ብሎ የሚያስወራም አለ፤ ይህኛውን እንኳ ብዙም አልጠላሁት። እውነቱ ግን መንገድ ላይ ቆመው የሚናገሩት አይደለም። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥሁ። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እጄ የለመደው እርፍ እንጂ ብዕር አይደለም። አጻጻፌ ያልጣመው ይተወው። እኔ የሆነውን እንደሆነ ነው የምጽፈው።

የተወለድሁት ስማዳ ነው፤ ከወገዳ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ። የወለዱኝ ሰዎች ሁለቱም በአንድ መስከረም በንዳድ አለቁ። ዘመድ ነኝ ባዩ ሁሉ ቀብር ላይ እርስ በርሱ ይተያይ ነበር ይባላል፤ አንዱ ሌላው ይወስደዋል ብሎ እየጠበቀ። ያኔ ነው አንድ የእስቴ ሰው በበቅሎ የመጡት። ከወለደኝ ሰው ጋር ወገዳ ገበያ በሬ ሲገዛዙ የተዋወቁ ናቸው እንጂ ዘመድ አይደሉም። ልጅ አልነበራቸውም። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው እኔን በኮርቻው ፊት ለፊት አስቀምጠው ተመለሱ። ከዚህ ወዲያ አባቴ ስል እሳቸውን ነው፤ እናቴ ስልም ሚስታቸውን። ሌላ አባትና እናት አላውቅም።

የዛሬ ልጆች የጡት ልጅ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ልንገራቸው። ልጅ ማሳደግ የፈለገ ሰው ሽማግሌዎችንና የነፍስ አባቱን ይጠራል። አውራ ጣቱን ማር ያስነካና ልጁን ያጠባዋል። ልጁ ሲጠባ ሰውዬው ይምላል። ከዚያ ወዲያ ልጁ እንግዳ መሆኑ ቀረ፤ ከአብራክ እንደወጣ ይቆጠራል፣ ርስት ይካፈላል፣ አሳዳጊው ሲሞት ይቀብራል። ልጄ አይደለም ያለ ሰው መሐላውን አፈረሰ ማለት ነው፤ መሐላ ያፈረሰ ደግሞ እንኳን ከሰው ከመሬቱም ጋር አይስማማም።

የእኔ ዕለት ትዝ ይለኛል። እናቴ ማሩን በትንሽ ቅል ይዛ ቆማለች። የአባቴ ጣት ሻካራ ነበር፣ የእርፍ ጠባሳ ያለበት። መጀመሪያ ጣፈጠኝ፤ ማሩ ሲያልቅ ጨው ጨው አለኝ። እኔ ግን መልቀቅ አላወቅሁበትም፤ ነከስሁት። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። አባቴ ሳቁና «ተዉት፤ ጥርስ ያለው ርስት ይጠብቃል» አሉ። ከዚያ ማሉ። «ልጄ አይደለም ያልሁ ዕለት የዘራሁት አይብቀል፤ የነካሁት አይባረክ።» ቄሱ በግዝት አሰሩት።

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ልበላቸው፣ እዚያው ነበሩ። አባቴ ያለ ልጅ ቢሞቱ መሬቱ ለእሳቸው ይመለስ ነበር፤ እኔ ስጠባ መሬቱ ከአፋቸው ወጣ። ጠላቸውን ጨልጠው «ማር እኮ ውሃ ሲነካው ይሟሟል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ብቻ አልሳቁም።

በቤታችን ማደጎ የሚባል ቃል አይነገርም ነበር። አንድ ጊዜ በግ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ እኔን አይቶ አባቴን አይቶ «ይህ ልጅ አንቱን አይመስልም» አለ። አባቴም «በሬዬም እኔን አይመስልም፤ ግን የኔ ነው» ብለው ዋጋ ጨመሩበት። እኔም በዚያ ቤት ጎደለኝ የምለው ነገር አልነበረም። ከአባቴ ጋር በአንድ ገበታ እበላለሁ። ሲመቱኝ እንደ ልጅ ነው የሚመቱኝ፤ ሲያመኝም እንደ ልጅ ነው የሚያመኝ። ይህን ያኔ አላሰብሁትም፤ ዓሣ ስለ ውሃ መች ያስባል።

አሁን ወደ ዓይኔ ልምጣ። አንድ ታኅሣሥ ገብስ አበራይተን በመንሽ ስበትን ነፋሱ ዞረብኝ። የገብሱ ጢም ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያኔ እንኳ እያሻሸሁ ሥራዬን ቀጠልሁ፤ ምርቱ አውድማ ላይ ነው፣ ሰው እያየኝ ነው፣ ጎረምሳ ነኝ። በሳምንቱ ዓይኔ ደም መሰለ። እናቴ ከጎረቤት አራስ ጡት አስጨምቃ አንጠባጠበችልኝ። አባቴ ጠበል ወሰዱኝ። ቅላቱ ለቀቀኝ፤ ግን መሐሉ ላይ እንደ ወተት ጠብታ ያለ ነጭ ነገር ቀረ። ጠብታው ቀን በቀን ሰፋ። ሰውን ሳይ በጉም ውስጥ የቆመ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ነው ጥናት የሚባለው ነገር የመጣው። ከአዲስ አበባ የመጡ ተማሪዎችና አንድ ሐኪም በመኪና ከተማችን መካነ ኢየሱስ ገቡ፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሚዛን ተከሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጭቃ ሹሙ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ተናገሩ። ያልወለደውን ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ልጁን ይዞ ይሂድ፤ ልጁ ይመዘናል፣ ቁመቱ ይለካል፣ ኑሮው ይጠየቃል፤ በሰው ቤት የሚያድግ ልጅ እንዴት እንደሚኖር መንግሥት ማወቅ ፈልጓል። ለመጣ ሁሉ ሳሙና ይሰጣል። ታሞ የተገኘውን ደግሞ ሐኪሙ በመኪናው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወስዶ ያሳክመዋል።

ሰው ብዙ አወራ። አንዱ ለወታደርነት ሊመለምሉ ነው አለ። አንዱ አዲስ ግብር ሊጥሉ ነው አለ። አንድ ደብተራ ደግሞ የሚመዘነው ነፍስ ነው ብለው የሴቶቹን ቀልብ ገፈፉት። እኔ የሰማሁት ግን የመጨረሻዋን ነገር ብቻ ነው። መኪና፣ ሆስፒታል፣ ዓይን።

ያን ዕለት እናቴና አባቴ ከጓሮ እንጨት እየፈለጡ ሲነጋገሩ ከበረቱ ሆኜ ሰማሁ። እናቴ ስትለምን ቆየች፤ ልጁ እየታወረ ነው፣ ተማሪዎቹ ነገ ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ እያለች። የአባቴ መጥረቢያ መውደቁን ቀጠለ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ።

«ያልወለድሁት ልጅ ይዤ መጣሁ ልበል? ምዬ?»

«የማሉት አንቱ ነዎት» አለች እናቴ። «እኔን ማን ማይ አለኝ? እኔ ማር ነው የተሸከምሁት።»

መጥረቢያው ቆመ። አባቴ እንደዚያ ያለ መልስ ከሽማግሌም አልሰሙም መሰለኝ።

በማግስቱ ገበያ ነው። እናቴ ቅቤ ልሸጥ ብላ እኔን አስከትላ ወጣች። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ነጠላዬን አስተካከለችና «ዛሬ የምናገረውን ስትሰማ እንዳይከፋህ፤ አፌ ነው የሚለው» አለችኝ። አልከፋኝም። እውነቱን ልናገር ካልሁ፣ ዓይኔን የሚያድን ከሆነ የሰይጣን ልጅ ነው ብትልም አይከፋኝም ነበር።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆች ተሰልፈዋል። አንድ በአንድ አየኋቸው፤ አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ። ለጉልበት ሥራ ለሰው የተሰጡ ናቸው። እንጨት የሚለቅሙ፣ ውሃ የሚቀዱ፣ ከብት ቤት የሚያድሩ። የጡት ልጅ አንድም አልነበረም። እንዴት ይኖራል? እነዚያን የሚያሳድጉ ሰዎች ምለዋል፤ ያልወለድሁት ልጅ ይኸው ብለው ሊያመጡ አይችሉም። ሊያመጣ የሚችለው ያልማለ ብቻ ነው። ጠያቂዎቹ ይህን አላወቁም፤ ማንም አልነገራቸውም። እኛም ብንሆን የሚነገር አልመሰለንም።

አጎቴም መጥተው ነበር። ቤታቸው ውሃ የምትቀዳ አንዲት ልጅ አለች፤ እሷን ይዘው ነው። ሳሙና ይሰጣል ሲባል ሰምተዋል። እናቴን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«እናንተም መጣችሁ?» አሉ። «እኔ'ኮ በዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ብቻ ነው ያለ መስሎኝ።»

እናቴ እጄን ይዛ ወደ ሰልፉ ሳበችኝ።

ልጅቱ ከእኛ በፊት ገባች። በሩ ክፍት ነው፤ ሁሉ ይሰማል። ጠያቂው ለጋ ወጣት ነው፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ የለሰለሰ። በቀን ስንት ጊዜ ትበያለሽ አላት። የት ትተኛለሽ አላት። ይመቱሻል ወይ አላት። አጎቴ ከኋላዋ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ልጅቱ ለሁሉም «ደህና ነኝ» አለች። ጻፈው። ሳሙናውን ሰጣት፤ ከበሩ ሳትወጣ አጎቴ ከእጇ ወሰዱት። ያችን ልጅ ከስንት ዓመት በኋላም ሳስባት ያመኛል። እኔ ዓይኔን ላሳይ እዚያ ቆሜ ነበር፤ ጀርባዋን ግን ማንም እይልን አላለም።

የእኔ ተራ ደረሰ። ሚዛኑ ላይ ቆምሁ፤ ግድግዳ ላይ አስጠግተው ለኩኝ። ጠያቂው ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርሁት።

«ምግብ ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

«ከአባቴ ጋር።»

«ከአሳዳጊህ ጋር ማለትህ ነው?»

«ከአባቴ ጋር።»

አጎቴ ከውጭ ሳቁ። ወጣቱ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ።

«በምትኖርበት ቤት ደስተኛ ነህ?»

ምን ልበለው? በአገራችን ደስታ የሚባለው የሰርግና የፋሲካ ነው፤ ሰው በቤቱ ደስተኛ ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ዝም አልሁ። ዝም ማለቴን ምን ብሎ እንደጻፈው እግዜር ይወቅ። ያን ጥያቄ ግን ያን ቀን ብቻ ነው በሕይወቴ የተጠየቅሁት፤ እስከ ዛሬም መልሱን ሳዘጋጅ አለሁ።

እናቴ እዚህ ላይ ገባች። ጠያቂው ወላጅ ነሽ ወይ ሲላት ቀና ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት «አልወለድሁትም» አለች። «ጻፈው። አልወለድሁትም፤ ዓይኑን ግን አድኑልኝ።»

አጎቴ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ዞር ብለው «ሰማህ?» አሉ። ሰውዬው «ሰማሁ» አለ።

ሐኪሙ ዓይኔን ገልጦ በመብራት አየኝ። ቶሎ ከተያዘ ይድናል አለ፤ ሲሄዱ ይዘውኝ እንዲሄዱ ተስማማ። ግን የእናቴ ጣት አይበቃም፤ አባወራው መጥቶ አሳዳጊነቱን በጣቱ መፈረም አለበት፣ ያለዚያ ልጅ ጭኖ መሄድ አይቻልም አለ። ለነገ ቀጠረን።

ያን ለት እናቴ ለአባቴ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምንም አልደበቀችም። አባቴ አልተቆጡም። ጠዋት ሲሆን ታጥቦ የተቀመጠውን ጋቢያቸውን ለበሱና «እንሂድ» አሉ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። መንገዱን በሙሉ ከፊት ከፊት ሄዱ፤ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አላወጡም። እኔ ከኋላ እየተከተልሁ ሊፈርሙልኝ ነው ብዬ ልቤ ይዘላል። እስከ ዛሬ ድረስ ሊፈርሙ ነበር የወጡ ይመስለኛል። ካልሆነ ለምን ንጹሑን ጋቢ ይለብሳሉ?

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ አጎቴ ቀድመውናል። ያን «ሰማሁ» ያለውን ሰው ይዘዋል፤ ሌላም አንድ ሽማግሌ ጨምረዋል። ግድግዳውን ተደግፈው በረድፍ ተቀምጠዋል። አባቴ ሲያዩዋቸው እርምጃቸው ዘገየ፤ ግን ገቡ።

ወጣቱ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ወረቀቱን አወጣ። የቀለሙን ጣሳ ከፈተ። አባቴ ግን «መጀመሪያ አንብብልኝ» አሉ። አነበበላቸው፤ የዚህ ልጅ አሳዳጊ እንጂ ወላጅ አይደለሁም፣ እንዲታከም ፈቅጃለሁ ይላል።

«ልጄ ነው ብለህ አትጽፈውም?» አሉ።

«አባቴ፣ ጥናቱ በሰው ቤት ለሚያድጉ ልጆች ነው» አለ ወጣቱ። «የራስዎ ልጅ ከሆነ እኛ ልንወስደው አንችልም። ችግር የለውም፣ ወረቀት ብቻ ነው።»

አጎቴ ከግድግዳው ሥር «ፈርም እንጂ» አሉ። «እውነት መናገር ምን ያስፈራል? እኛም እንሰማለን።»

ወጣቱ የአባቴን እጅ ያዘና አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ወሰደ። አባቴ አልከለከሉትም። ጣታቸው ቀለሙን ነካ። ያን ጊዜ ጣታቸውን አዩት፤ አገላብጠው አዩት። እኔ ደግሞ የቱን እንደማይ ጠፋኝ፤ ጣታቸውንም ወረቀቱንም በአንድ ዓይኔ ነው የማይ። እጃቸውን ቀስ አድርገው መለሱ።

«ይህን ጣት ማር አስነክቼ አጥብቼዋለሁ» አሉ። «በዚሁ ጣት አልወለድሁትም ብዬ አልፈርምም። ልጄን እኔው እወስደዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ወጣቱ ብዙ ለመነ። ሐኪሙም ወጥቶ አስረዳ። አባቴ አንድ ነገር ከተናገሩ አይደግሙትም። ጣታቸውን በጋቢው ጫፍ ጠረጉና ወጡ፤ ያ ጥቁር ቀለም ከጋቢው አልለቀቀም። ወጣቱ እያዘነ ስሜን ከወረቀቱ ሰረዘ፤ አየሁት። የተመታች ልጅ ደህና ነኝ ብላ ተጻፈች፤ ደህና የነበርሁት እኔ ተሰረዝሁ። መጽሐፍ አውጥተውበት ከሆነ እንግዲህ እንዲህ ያለ ነው።

ሳይውል ሳያድር አባቴ አንዱን በሬ ሊሸጡ አሰቡ፤ ለመንገድና ለመታከሚያ። በሬው ሳይሸጥ ግን አጎቴ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ልጁ የጡት ልጅ አይደለም፣ ሚስቱ በሰው ፊት አልወለድሁትም ብላለች፣ ወንድሜ ሲሞት ርስቱ ለእኔ ይገባል የሚል ነው ክሱ። አባቴ ዋስ ጠርተው ተለቀቁ፤ ነገሩ እስኪያልቅ ከወረዳው እንዳይወጡ ታዘዘ። እናቴ እኔ ልውሰደው አለች፤ እሷም ምስክር ናት፣ አትወጣም። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተጨመረ። አንዴ ዳኛው ታመሙ። አንዴ ምስክር ቀረ። አንዴ የዓመት በዓል ሆነ። እኔ እዚያ ደጅ ተቀምጬ የሰው እግር ስቆጥር ጉሙ እየወፈረ ሄደ።

በመጨረሻ እናቴ ተጠራች። ዳኛው «አልወለድሁትም ብለሻል?» አሏት።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ የማን ልጅ ነው?»

«የሳቸው ነዋ» አለች አባቴን በአገጯ አሳይታ። «ማሩን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ጣታቸውን ሲጠባ አይቻለሁ፤ ሲነክሳቸውም አይቻለሁ። እኔ አልወለድሁም አልሁ እንጂ የሳቸውን መሐላ መች ካድሁ?»

ችሎቱ ሳቀ። አባቴ ረቱ። አጎቴ እንኳ ሲወጡ «ይቺን ሴት ጠበቃ ብይዛት ኖሮ» ማለታቸው ተወርቷል።

ከችሎት እንደወጣን በሬው ተሸጠ፤ እኔ በበቅሎ አባቴ በእግር ሆነን ደብረ ታቦር ሄድን። የሆስፒታሉ ሐኪም ፈረንጅ ነው፤ አስተርጓሚ አለው። ዓይኔን ገልጦ ለአፍታ ብቻ አየና ለቀቀው። አስተርጓሚው «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለ። አባቴ «ምን ያህል ቀደም?» ብለው ጠየቁ። አስተርጓሚው ለፈረንጁ ነግሮት መለሰ፤ ይህ ነገር በጀመረ ሰሞን ቢሆን አለ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስንመለስ እኔ «አንደኛው አለ እኮ» አልኋቸው። «አዎ፣ አለ» አሉ።

እናቴ ያን «አልወለድሁትም» ያለችበትን ቀን አንስታ አታውቅም። ብቻ ሰው ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲላት፣ ለተላላፊ መንገደኛም ቢሆን፣ «አንድ፤ በምጥ ነው የወለድሁት፣ ሊገድለኝ ነበር» ማለት ጀመረች። ምጡ ስንት ቀን እንደፈጀ ሁሉ ትጨምርበታለች። እኔ ስሰማት እስቃለሁ። መሳቁ ነበር የቀለለኝ። አሁን ሳስበው አንድ ቀን «ተይው እማዬ፣ ለኔ ብለሽ ነው ያልሽው» ብላት ምን ነበረ። ሳልላት ሞተች።

እኔና አባቴ ከዚያ ወዲህ አብረን አረስን። አንድ ዓይን ያለው ሰው ሲያርስ ትልሙ ይጠምማል፤ የታወረው ወገን ይስበዋል። አባቴ ይህን ያወቁት በመጀመሪያው ቀን ነው። ምንም ሳይሉ በግራዬ መሄድ ጀመሩ። እርፉን እኔ እይዛለሁ፤ እሳቸው ከግራ በኩል እየሄዱ «ወዲህ» «ወዲያ» ይላሉ። ገበያ ስንሄድም በግራዬ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ስንቆምም በግራዬ ናቸው። በጎረቤቱ ዘንድ መሳለቂያ ሆነን ነበር፤ «አባትዬውን በግራ ጎኑ አሰፍቶ ለብሷቸዋል» ይሉኛል።

ንጉሡ ወርደው መሬት ላራሹ የሚል አዋጅ መጣ። ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ገመድ ይዘው ወጡ። የአባቴንም የአጎቴንም መሬት አንድ ላይ ለኩት፤ ለቤተሰብ በቤተሰብ አከፋፈሉት። ርስት የሚል ሰው ራሱ እንደ ጠላት ይታይ ጀመር። እኛ የደረሰን ድሮ ያልነበረን፣ ከወንዙ ማዶ ያለ ቁራጭ ነው። ያ ሁሉ ዓመት የተማለለት፣ የተከሰስንበት፣ ዓይኔ የጠፋበት መሬት ለሌላ ሰው ደረሰ። ሰውዬውም ደህና ሰው ነው፤ አልጠላሁትም።

ገመዱ በተወረወረ ዕለት አባቴና አጎቴ፣ ሁለቱም ሸምግለው፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

«በከንቱ ተካሰስን» አሉ አጎቴ።

«እኔ አልከሰስሁም» አሉ አባቴ።

አጎቴ ሳቁ፤ አባቴ ግን ያን ጊዜም አልሳቁም።

በዚያው ዓመት አዲሱን ቁራጭ ስናርስ ነው። መሬቱ ያልለመድነው ነው፣ ድንጋይ ይበዛዋል። አባቴ እንደ ልማዳቸው በግራዬ ናቸው፤ እግራቸው ግን መዛል ጀምሯል። ጥግ ላይ ደርሰን በሬዎቹ ሲያርፉ፣ እኔን ሳያዩ፣ መሬቱን እያዩ፣ ጠየቁኝ።

«ያን ቀን ብፈርም ይሻልህ ነበር?»

ስንት ዓመት ይዘውት እንደኖሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ልመልስላቸው የሚገባኝ ነገር ነበረ። ዓይኔን እፈልገው ነበር፤ ይህ እውነት ነው፤ ዛሬም እፈልገዋለሁ፤ ጠዋት ስነሣ በግራ በኩል ያለውን ዓለም እመኘዋለሁ። ደግሞም ያች ውሃ ቀጂ ልጅ በዚያ በር ላይ የማን እንደሆነች ሳይነገርላት ስትቆም፣ የእኔ አባት ቀለም በነካ ጣታቸው ልጄ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱንም ብነግራቸው ይችሉት ነበር፤ ጠንካራ ሰው ናቸው። እኔ ግን የእሳቸው ልጅ ነኝና እንደሳቸው ነው የማወራው። እርፉን ያዝሁና በሬዎቹን ጠራሁ።

«ትልሙ ጠምሟል» አልሁ።

«አይቼዋለሁ» አሉ። ወደ ግራዬ ዞረው መጡ፤ እንደገና ጀመርን።

ሁለተኛ አልጠየቁኝም። በቀጣዩ ክረምት ቀበርኋቸው፤ ሬሳቸውን ስንሸከም የቃሬዛውን ግራ እጀታ ልያዝ ብዬ ከሰው ጋር ተከራከርሁ። አታይም፣ ትወድቃለህ አሉኝ። እምቢ አልሁ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በግራ በኩል ተሸከምኋቸው፤ ሁለት ጊዜ ተሰናከልሁ፣ ወዲህ ወዲያ የሚለኝ ግን አልነበረም።